ጨውና ግሪስ

ጥቅምት 19

ዛሬም አፍ። ከጠዋት እስከ ማታ የሰው አፍ። ከሰዓት በኋላ አንዱ ፊሲኽ በልቶ መጣ። ያንን ከርሞ የሸተተ ዓሣ ከነሽንኩርቱ ጠቅጥቆ ጥርስ ሐኪም ዘንድ የሚመጣ ሰው ምን ይባላል? «አ» ብሎ ሲከፍት ዶክተር ወጊህ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። እኔ ወዴት ልመልስ? ምራቅ መምጠጫውን የያዝኩት እኔ።

ቤት ገብቼ እጄን ታጠብኩ። ደግሜ ታጠብኩ።

«ነጅላ፣ ቆዳሽን ልትገፊው ነው እንዴ?» እማዬ ናት። «ሳትታጠቢ ቁራሽ ዳቦ እንኳ አትነኪም። በሽታ ሆነብሽ።»

እሷ ምን አለባት። ሰው አፍ ውስጥ አትውልም።

ከታች ያ ድምፅ። ግርርር... ቋ! አባዬ ላዳው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሁለተኛ ማርሽ ሊያስገባ ይታገላል። መኪናዋ የትም አትሄድም፣ በራችን ላይ ቆማለች። እሱ ግን ይታገላል። ከበጋው የስትሮክ ሕመም ወዲህ ቀኝ እጁ እንደ ድሮው አይታዘዝለትም። ሐኪሙ «መንዳት ትችላለህ» ብሎ ፈቅዷል። ያልፈቀደው ማርሹ ነው።

ዕድሜውን ሙሉ በዚህች ቢጫና ጥቁር ላዳ እስክንድርያን ሲያካልል የኖረ ሰው። በታመመበት ዋዜማ አንድ ተሳፋሪ «ኧረ ሽማግሌው፣ እጅህ የጎረምሳ እጅ ነው!» ብሎት ነበር አሉ። ማሻአላህ እንኳ ሳይል። እማዬ ይሄን ስትሰማ ደረቷን ደቃች። የሰው ዓይን በላው አለች። አባዬ አልጋ ላይ ሆኖ ሳቀባት። «ዓይን ሰው የሚበላ ቢሆን ታክሲ ነጂ በዚህ ከተማ ይተርፍ ነበር?» አለ። እሷ በየበሩ ጨው ስትበትን እሱ ሲያሾፍባት ነው የኖሩት። «ሴትዮ፣ ያንን ጨው ለዓሣው ብታደርጊው» ይላታል።

ግርርር... ቋ! አሁንም ይሰማኛል።

ጥቅምት 20

አጎቴ ሺሓታ መጣ። የአባዬ ታናሽ ወንድም። ስጠላው።

በላ። እየሰማነው በላ። ከዚያ ጥርሱን በስንጥር ጎረጎረ፣ ስንጥሩን አየው፣ ጠረገው፣ ኪሱ ከተተው! ለነገ መሆኑ ነው። ሻይዬን ትቼ ተነሳሁ። ግን ወሬው ወደ ላዳዋ ሲዞር ተመልሼ በሩ ላይ ቆምኩ።

መኪናዋ የሁለቱም ናት። ከአባታቸው ውርስ በጋራ የገዟት።

«ወንድሜ፣ ክፉ ሰው አይደለሁም» አለ። ይሄን የሚል ሰው ሁልጊዜ ክፉ ነው። «የቃሲም ማዕበል ሳይገባ፣ ራስህ ነድተህ ኤል-መክስ ድረስ፣ ቤቴ ደጃፍ አምጣት። ብቻህን። ካመጣሃት ዕድሜ ልክህን ንዳት፣ ትንፍሽ አልልም። ካላመጣሃት ገዢ አለኝ።»

«ምን ሊያደርጋት?» አለ አባዬ።

«ቆራርጦ ሊሸጣት።»

አባዬ ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ሥር አስገባ። እንዳይታይ። «አመጣታለሁ» አለ።

አጎቴ ወጣ። አባዬ ለማንም ሳይሆን «ያለ ላዳ እኔ ምንድን ነኝ? ወንበር ነኝ። አቧራዬን የምታራግፉልኝ ወንበር» አለ።

አንጀቴ በገነ። ቃሲም፣ በየዓመቱ በስሙ የሚጠበቀው የባሕር ማዕበል፣ የሚገባው ህዳር ማለቂያ ላይ ነው።

ጥቅምት 23

ኤጭ! ኤጭ! ኤጭ!

የማርሹን ቀሚስ ገለጥኩት። ቀሚስ የምንለው ዘንጉ የሚወጣበትን ቆዳ ነው። ምነው ባልገለጥኩት። የሱፍ ፍሬ ቅርፊት። የታኘከ ማስቲካ፣ ፀጉር የበቀለበት። የማን እንደሆነ እግዜር የሚያውቀው የሴት ሰው ሠራሽ ጥፍር። ደግሞ ቴምር ይሁን በረሮ መለየት ያቃተኝ ነገር። በክሊኒኩ መቆንጠጫ አንስቼ ወረወርኩት። አባዬ «እሱን ምን አደረገሽ፣ አብሮኝ የኖረ ነው» ብሎ ሳቀ። አልሳቅኩም።

ከሥሩ ደግሞ ዝገት። በዝገቱ ላይ ነጫጭ አሸዋ የመሰለ ነገር። የባሕር አየር ነው አልኩ። በዚህ ከተማ ምን የማይዝግ አለ?

ዘንጉን ያዝኩና ነቀነቅኩት። ሊወልቅ እንደ ደረሰ ጥርስ ይወዛወዛል። ወደ ሁለተኛ ስገፋው ይንቀጫቀጫል፣ መሐል ላይ ይነክሳል። ለጤነኛ እጅ እንኳ ይከብዳል። የእሱ እጅ እንዴት አድርጎ ይቻለው?

አንድ ነገር ተገለጠልኝ። የአባዬን እጅ ማዳን አልችልም። ማርሹን ግን... ለምን አልችልም?

ጥቅምት 24

መካኒኩ ዐጥዋ። መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ ወደ ጎን እንትፍ አለ። ጫማዬ አጠገብ!

«ላዳ እንዲህ ናት እመቤቴ። ላዳን ማርሽ አስገቢ ብለሽ አታዣትም፣ ትለምኛታለሽ።»

«አባቴ ሲለምናት ነው የከረመው።»

«እንግዲያው ካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን፣ አውርዶ መፍታት ነው። ጋራዥ ይዘሻት ነይ። ትቆያለች።»

ምን ያህል እንደምትቆይ ጠየቅኩት። እንደገና እንትፍ አለ። መልሱ ይሄ መሆኑ ነው። ተወው አልኩት።

ከዚያ ዕቃ መሸጫ። ለማርሽ ዘንግ ቦኮላ ስጠኝ አልኩት፣ ዘንጉ እንዳይወላገድ የሚይዘውን ቀለበት። ሰውየው ከእግሬ እስከ ራሴ ለካኝ።

«ቤት ውስጥ ወንድ የለም?»

ትኩር ብዬ ሳየው ለካ አውቀዋለሁ። ባለፈው ወር መንጋጋው አብጦ የመጣው። «አለ» አልኩት። «አንተ መንጋጋህን ሲያምህ ግን የከፈትከው ለእኔ ነበር። እዚያ ውስጥ ያየሁትን ካየሁ በኋላ ግሪስ ምን ያደርገኛል?»

ወረፋ የቆሙት ሳቁ። ቦኮላውን፣ ከቀሚሱ ሥር ዘንጉን የሚሸፍነውን ውስጠኛ ጎማና የካምቢዮ ዘይቱን ዓይኔን ሳያይ ሰጠኝ።

ጥቅምት 26

ሠራሁት። እኔ! ነጅላ ጋቢር!

በሁለት ጎማዋ የእግረኛ መንገዱ ላይ ሰቀልናት። ሌላውን ጎን በክሪክ። ድንጋይ አስደገፍን። ሥር ገብቼ የካምቢዮውን ቡሎን ስፈታ ያ ጥቁር ዘይት... ሽታው! የመግል ሽታ። ክርኔ ድረስ ወረደ። ጮህኩ። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ወጥቶ ከቦናል።

«ወደ ግራ ፍቺው!»

«ኧረ ወደ ቀኝ ነው!»

«ተዉአት፣ እሷ ጥርስ መንቀል ነው የለመደችው፣ ትነቅለዋለች!»

ማንም እጁን አልዘረጋም። አፍ ብቻ። እዚህም አፍ።

አባዬ በግራ እጁ ባትሪ ይዞልኝ ከላይ ያዛል። እጀታውን ንቀይ። ቀሚሱን ግለጪ። በካቻቢቴ ቀለበቱን ፈልቅቂ፣ ዘንጉን ወደ ላይ። አሮጌው ቦኮላ እጄ ላይ እንደ ደረቀ አይብ ፈረሰ። ከሥሩ ዳዶዎቹን ፈትቼ ዘንጉ የሚዞርበትን ኳስ አወጣሁ። ዝጎ ቡናማ ሆኗል። በቤንዚን አጠብኩ፣ በክሊኒኩ የጥርስ መፋቂያ ፋቅኩ፣ ፋቅኩ። ድንጋይ የተጋገረበት ጥርስ ነው እንጂ ሌላ ምን ነው? ከዚያ ግሪሱን በመርፌ፣ ቀዳዳ ቀዳዳው ውስጥ። ውስጠኛው ጎማ ተቀዶ ነበር፣ ለወጥኩት። አዲስ ዘይት ሞላሁ።

ዘንጉን አንዴ ገፋሁት። ጠቅ።

አባዬ «እስቲ ድገሚው» አለ። ጠቅ። «ይሄ ድምፅ ከጋብቻችን ጊዜ ጀምሮ ጠፍቶብኝ ነበር» አለ ለእማዬ፣ ቀና ብሎ። እማዬ በረንዳ ላይ ሆና እልል አለች። አፈርኩ። ከዚያ እጄን ለመታጠብ አንድ ሳሙና ጨረስኩ፤ ሽታው አልለቀቀኝም።

ጥቅምት 27

ወጣን። እሱ መሪውን፣ እኔ አጠገቡ።

ማርሹ ቀሏል። ግን ያቺ ትንሽ ድብልብል እጀታ ከጣቶቹ ታመልጣለች። ሦስተኛ ላይ አመለጠችው። ላብ በግንባሩ ወረደ። ዝም ብዬ ግራ እጄን አሻግሬ ያዝኩለት። እሱ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ «አሁን!» ይላል፣ እኔ እገፋለሁ።

«አሁን!»

«አባዬ ቀስ!»

«አሁን ብያለሁ፣ አሁን!»

መብራት ላይ አንድ ሌላ ታክሲ ነጂ ጎን ቆመ። «ጋቢር! ረዳት ቀጠርክ እንዴ?»

አባዬ ሳይዞር «ረዳት አይደለችም። እጄ ናት» አለ።

ወደ ውጭ ዞሬ ባሕሩን አየሁ። ግን አጎቴ ብቻህን ነው ያለው። እጁ ሆኜ ኤል-መክስ መሄድ አልችልም።

ጥቅምት 29

ምን ጉድ ነው? ማርሹ እንደገና ይንቀጫቀጫል! ሦስት ቀን ሳይሞላው። ቀሚሱን ገለጥኩ። ነጫጩ አሸዋ ተመልሷል። አዲሱ ጎማ ተገልጦ፣ ግሪሴ ላይ ተነስንሶ፣ ተቦክቶ። የባሕር አየር እንዲህ በፍጥነት?

ህዳር 1

ቀመስኩት።

እኔ። ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ የማልነካው። በጣቴ ጫፍ አንስቼ ምላሴ ላይ አደረግኩት። ከነግሪሱ። ወዲያው ተፋሁት።

ጨው ነው። የወጥ ጨው። ደቃቅ አይደለም፣ እማዬ በየደፉ የምትበትነው ዓይነት።

ላይ ወጣሁ። «እማዬ፣ መኪናው ውስጥ ጨው የምትጨምሪ አንቺ ነሽ?»

ዓሣ እየጠበሰች ነበር። አልዞረችም። «ጨው ምን አደረገሽ?»

«ብረት ይበላል! ማርሹን ይበላል! ለዓይን ብለሽ አባዬን ወንበር ልታደርጊው ነው?»

«እሺ።»

«እሺ ምን? አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ካልሽ እኔ ነኝ። ዓሣው እንዳያርብኝ ዞር በይ።»

ጭሱንም፣ ዘይቱንም፣ እሷንም ጠላኋቸው። ምን ዓይነት መልስ ነው? ጨው በጥቅል እየያዘች የምትኖር ሴት... አሮጌ እምነት፣ አሮጌ ቆሻሻ። ያስጠላኛል። ሁሉም።

ህዳር 3

ዳግመኛ ፈታሁ። አጠብኩ። ፋቅኩ። ቀባሁ። ጠቅ።

የጨው ዕቃውንም ቁም ሳጥኔ ውስጥ ደበቅኩ።

ህዳር 4

ቁርስ ላይ አባዬ ፉሉን ቀምሶ ቆም አለ። «ይሄ ፉል ምነው ጭቃ ጭቃ አለ?»

እማዬ «ልጅህ ጨው ጠልታለች» አለች።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ይሉሃል» ብዬ መለስኩ። ለእሷ መሆኑ ነው። አባዬ ሳህኑን አየ። እንዲህ በቀላሉ ዝም የሚል ሰው አይደለም፤ ጨው ላይ ለማሾፍ የተሰጠውን ዕድል አሳልፎ አያውቅም። ምን ነካው?

ህዳር 6

ተመልሷል! ጨዉ ተመልሷል! ዕቃው በቁልፍ ተዘግቶበት፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ! እማዬ ደግሞ ጉልበቷን አሟት ሳምንቱን ሙሉ ደረጃ አልወረደችም።

ታዲያ ማን ነው? አጎቴ ይሆን? ከኤል-መክስ ድረስ መጥቶ? ከዚያ ሰው ምንም አይጠፋም፣ ግን ስንጥሩን ለነገ የሚቆጥብ ሰው በጨው አይጫወትም።

ያለፈውም የዛሬውም የተገኘው አርብ ባለፈ ማግስት ነው።

ህዳር 7

የመክነሳ ማዕበል ገባ። መጥረጊያ የሚሏት። ስሟን ታውቃለች፤ ባሕሩ ያለውን ቆሻሻ ሁሉ መንገዱ ላይ ጠርጋ ጣለችው። የሞተ ዓሣ፣ ላስቲክ፣ የአንድ እግር ነጠላ ጫማ። ክሊኒኩ ተዘጋ። ቃሲም ቀጥሎ ነው።

ቤት ተቀምጬ አሰብኩ። የጨውን ነገር አቆየሁት። ሁለተኛውን ችግር፣ እጀታውን። ትንሽ ናት፣ ትሾልካለች። የሚይዘው እጅ ደካማ ከሆነ እጀታው ነው እጁን መያዝ ያለበት። ጥርስ የሌለውን ሰው ምን እናደርገዋለን? ልኩን እንወስዳለን። ታዲያ!

ከክሊኒኩ ያመጣሁትን ሰም በሙቅ ውሃ አለሰለስኩ። «አባዬ፣ ጨብጠው።»

«አፌንም ልክፈት?»

«እንዳትከፍት!»

ጨበጠ። ጣቶቹ ሄደው ሄደው ቆሙ። ከላይ በሁለት እጄ ይዤ ጫንኩለት። እጁ ይቀዘቅዛል። የባዕድ ሰው አፍ ስነካ እውላለሁ፤ የአባቴን እጅ ግን መቼ ነበር የያዝኩት? ሕፃን ሳለሁ መንገድ ሲያሻግረኝ መሰለኝ። ሰሙ ቀዝቅዞ እስኪደርቅ አልለቀቅኩትም። እሱም ልቀቂኝ አላለኝም።

ህዳር 10

ዶክተር ወጊህ ጊዜው ያለፈበትን የሰው ሠራሽ ድድ መሥሪያ ዱቄት «ውሰጂው፣ ልንጥለው ነው» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። በሰሙ ልክ ጀሶ አፈሰስኩ፣ ዱቄቱን በፈሳሹ አቦካሁ፣ ሞላሁ። ቀቀልኩ። ሰብሬ አወጣሁት።

አምላኬ!

ድድ ነው። ሮዝ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የጣት ሰርጓዳ ያለው ድድ። ጥርስ ብቻ ነው የጎደለው። በሕይወቴ ከዚህ የሚያስቀይም ነገር ሠርቼ አላውቅም። እማዬ አይታ «አዑዙ ቢላህ» አለች።

አባዬ አገላብጦ አየው። «ይሄ የማን አፍ ነው?»

«ያንተ እጅ ነው።»

ዘንጉ ላይ አጠበቅኩት። ጨበጠ። እያንዳንዱ ጣት ቦታው ገባ፤ መዳፉ ተቀመጠ። አንደኛ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። አላመለጠውም። ጨው እንኳ እየተንቀጫቀጨ አላመለጠውም።

«አስቀያሚ ነው» አለ። እጁን ግን አላነሳም።

ህዳር 12

አርብ። ምን ብዬ ልጻፈው...

ቆሻሻ ልጥል ወረድኩ። አባዬ ለጁምዓ ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር። መስጊድ ያለ መስሎኛል። መኪናው ውስጥ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል።

ከጀለቢያው ኪስ፣ ሱቅ እንደሚጠቀልሉት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ቀኝ እጁን ወደ ማርሹ ቀሚስ ሰደደ፣ ሊገልጠው። አመለጠው። ደገመ። አመለጠው። በስንተኛው ያዘው፣ ውስጠኛውን ጎማ ሳይቀር ገለጠ። በግራው ከጋዜጣው ቆንጥሮ በተነ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ በቆዳው ላይ የቀረችውን ፍሬ በጣቱ ለቅሞ ጠራረገ፣ ዱካ እንዳይታይ። ቀና ብሎ ግራ ቀኝ አየ። ስኳር ሰርቆ እንደበላ ልጅ።

አባዬ! «ዓይን ሰው የሚበላ ቢሆን» እያለ ሲስቅ የኖረው አባዬ። ያ ተሳፋሪ፣ ያ «የጎረምሳ እጅ» ያለው ሰው... ለካ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈርቶ ነበር። ሞት ፈርቶ። መሪው ላይ እንዳይደግመው ፈርቶ። ማንም አላወቀም።

ከደረጃው በር ጀርባ ቆምኩ። የቆሻሻው ፌስታል ቀዳዳ ነበረው። ፍሳሹ እግሬ ላይ መውረዱን ያወቅኩት እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

ህዳር 13

«ታውቂ ነበር?» አልኳት እማዬን።

ሽንኩርት እየላጠች ነው። «ባሌ ነው። የጨው ዕቃዬ ሲጎድል አላውቅም?»

«ታዲያ እኔ ስጮህብሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺ ብትጮሂብኝ ምን እሆናለሁ? ጩኸትሽን ለምጄዋለሁ። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ስቆብኛል። አሁን በየት አፉ ፈራሁ ይበል?»

«እማዬ፣ ጨዉ እኮ ማርሹን እየገደለው ነው! ልክ አይደለም!»

«ያለ ጨው ደግሞ ብቻውን መሪ አይነካም። በግሪስሽ እመኚ፣ ማን ከለከለሽ። እሱ በጨዉ አምኗል። እስቲ የተማርሽው አንቺ መላ ምቺ።»

ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ የጨው ዕቃውን መለስኩላት። ይቅርታ አልኩ። «ሽንኩርቱን ያዢ» አለችኝ። ያዝኩ። አለቀስኩ፤ በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

ህዳር 16

መላ መታሁ።

ሮዙን ድድ ፈትቼ ክሊኒክ ወሰድኩት። በጥርስ መብሻው ከሥር ሆዱን ቦረቦርኩ። ዶክተር ወጊህ በር ላይ ቆሞ አየኝ። «ነጅላ፣ ይሄ የምን በሽተኛ ነው?»

«የላዳ።»

ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ቤት አምጥቼ ለእማዬ ሰጠኋት። «ሙዪው» አልኳት። ምንም አልጠየቀችም። ቢስሚላህ ብላ፣ ጉልህ ጉልሁን መርጣ፣ በጨው ሞላችው። ቀዳዳውን በዚያው በድዱ ዱቄት ደፈንኩት። አሸግኩት። ቅንጣት አያስወጣም።

ማርሹን ለመጨረሻ ጊዜ ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ቀባሁ። ሮዙን መለስኩት። አባዬን ጠራሁት። ነቀነቀው። ሿ... ሿ...

«ውስጡ ምን አለ?»

«ጨው።»

አየኝ። እኔ ግሪሱን አየሁ፣ ጥፍሬን አየሁ፣ የትም አየሁ።

«ማን ነው የጨመረው?»

«እማዬ። ቢስሚላህ ብላ።»

አፉ ተከፈተ። አሁን ሊያሾፍ ነው አልኩ። ተመልሶ ተዘጋ። እጀታውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ የደፈንኩበትን ፈልጎ አገኘው።

«ጥሩ ተደፍኗል» አለ። «አይፈስም።»

ህዳር 19

አርብ። በረንዳ ላይ ሆኜ አየሁት። ከጁምዓ በፊት ወረደ። መኪናው ውስጥ ገባ። ኪሱን አልነካም። እጀታውን ጨብጦ አንዴ ነቀነቀ። ወጣ፣ ቆለፈ፣ ሄደ።

ህዳር 20

ብቻውን አንድ ዙር። እስከ ባቡር ጣቢያ። ተመልሶ ሲገባ ሰላም ሳይለን ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጣ።

ህዳር 22

ሰማዩ ጠቁሯል። ዓሣ አጥማጆቹ ቃሲም ቀድሞ ሊገባ ነው ይላሉ። አባዬ ከቁርስ በኋላ ቁልፉን አነሳ። «ኤል-መክስ ደርሼ እመጣለሁ» አለ፣ ዳቦ ሊገዛ እንደሚወጣ።

እማዬ ጨው አልበተነችም። እኔም አልተከተልኩም። በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ቆመን ሰማን። አንደኛ። ጠቅ... ሁለተኛ። ማዕዘኑን ዞረ። ሦስተኛውን አልሰማነውም።

ከክሊኒክ ቀረሁ። አመመኝ አልኩ።  እማዬ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ዝናብ ጀመረ። ስልኩ ሲጮህ ሁለታችንም ዘለልን።

አጎቴ ነው።

«መጥቷል» አለ። ደስ አላለውም። «ብቻውን። ደጃፌ ላይ ጥሩምባ ነፋ፣ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ያልኩትን ብያለሁ፣ ቃሌ ቃል ነው። ግን እናንተ ሰዎች፣ ይሄ ማርሹ ላይ የሰካችሁት ምንድን ነው? ድድ አይደለም እንዴ! ያስጠላል! ዓሣ አቅርቤ እሱ ሲበላ እኔ መዋጥ አቃተኝ።»

ሳቅኩ። ጥርስ ጎርጓሪው ሰውዬ በሰው ነገር ሲጠየፍ መስማት... ይበልህ አልኩ በሆዴ።

አመሻሹ ላይ ተመለሰ። ርሷል። ቀኝ እጁን አልደበቀም። «ነጅላ፣ ውረጂ» አለኝ። ዝናብ ላይ ወረድኩ። የመኪናውን በር ከፈተ።

«ቀሚሱን ግለጪ።»

«ለምን?»

«ግለጪ ነው የምልሽ።»

ገለጥኩ። ውስጠኛውንም ጎማ። ጣቴን እስከ ሥር ሰድጄ ዳበስኩ። ግሪስ። ንፁሕ ግሪስ፣ ሌላ ምንም። ቀና ስል እያየኝ ነበር። እንዳየሁት ያውቃል። ያን አርብ እንዳየሁት ያውቃል።

«እንግዲህ» አለ።

አጎቴ የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ጠቅልሎ ልኮለት ነበር፣ ለቤት ይዘህ ሂድ ብሎ። መኪናው ውስጥ ተቀምጠን፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየመታ፣ አባዬ ጥቅሉን ፈታ። በቀኝ እጁ። ቀስ ብሎ አንድ ቁራሽ ቆረሰና ዘረጋልኝ። ጨው በዝቶበት ነበር።

ከእጁ ተቀብዬ በላሁ። ጣቶቼ ከነግሪሳቸው።